ድንጋይ ተሸክሜ

ከልጅነቴ ነው፣ እንደ ልክፍት ነገር፤
ዝም ያለ ዕቃ እኔ ፊት አልነበር።
እናቴ ዘምዘም በሲንጀሯ ስትሰፋ፣
ከእግሯ ሥር ተቀምጬ ጣሳ ስደፋ፣
መርገጫው ሲረገጥ ምት ሳስከትልላት፣
አንድ ቀን መርፌዋ ጣቷን ወጋባት።
አልመታችኝም። ደሟን እየመጠጠች
«ይህስ ቤት ሳይመታ አይቀርም» ብላ ሳቀች።

ገጣሚው ቤት ይምታ፤ እኔ የምመታው
በሩን ነው፣ ጣራውን፣ ከነውስጥ ዕቃው።

ዛሬ አምሳ አልፎኛል። ሆጤ ያለው ቤቴ
መተኛ የለውም፤ ታማርራለች ሚስቴ።
ካልጋው ሥር ሁለት ድቤ፣ ካልጋው ራስጌ ቅል፣
ቅሉ ውስጥ ማሽላ፣ ዞር ስንል «ሽው» የሚል፤
የአይሱዙ ቸርኬ በጠፍር ታንቆ፣
ከሐይቅ ዳር የመጣ ጥርስ ያለው ሸምበቆ፣
የኮምቦልቻ በርሜል፣ ዘይቱ ያለቀ፣
የበግ ቆዳ ለብሶ ድምፁ የጠለቀ።
ሌሊት ተነስቼ ውኃ ስሻ እንኳ
ሳልመታ አልመለስ፣ አንዱን ሳላንኳኳ።

ባቲ ገበያ ላይ የግመል ቃጭል ስገዛ
ሻጩ «ግመልህስ?» አለኝ እንደ ዋዛ።
«እኔው ነኝ» አልኩትና አንገቴን አስለካሁ፤
በሳቁ መሃል ላይ ዋጋ አስቀነስኩ፣ ረካሁ።

አበጋዝ ኪቦርድ ገዛ ለሆቴሉ።
«ይኼ እራት አይበላም፤ ከበሮ በሙሉ
ሆዱ ውስጥ ነው፤ ምቱም ዝንፍ አይልም ከቶ።»
እውነት ነው። ዘፋኟን ሳግ ሲይዛት አይጠብቃት ቆይቶ።
እኔ የምወደው ሌላ ነው፦ አንዱ ሲስት ጊዜ
ሌላው አብሮት ሲስት የሚቀለው ትካዜ።

ጦሳ ላይ፣ አንድ ጧት፣ ጉም በበዛበት፣
ለከበሮ እንጨት ስፈልግ በዳገት፣
ተሰናከልኩና የመታሁት ድንጋይ
«ቅንንን» አለ። ቆምኩኝ። ደገምኩት። ወይ ጉዳይ!
ጫፉ ቀጭን ድምፅ ነው፣ ግርጌው ጎርናና፣
መሃሉን ስትነካው የማታውቀው ዜና።

የይመር አህያ ፒያሳ ሲደርስ ለገመ፤
በትከሻዬ አዞርኩት፤ መንገደኛው ቆመ።
«ማንን በድሎ ነው?» «ደም ነው ወይስ ድንበር?»
«ሽማግሌ እንጥራ?» የሚለኝ ብዙ ነበር።
አንዲት አሮጊትማ፣ እጇን ዘርግታ፣
«ማሩት!» አለችልኝ ወደ ሰማይ አይታ።

ቅዳሜ። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቶ፣
ድንጋዬ ተቀመጠ መድረኩ ላይ ወጥቶ።
መዶሻ አነሳሁ። መታሁት። «ድፍ» አለ።
እንደ ወደቀ ሊጥ። ሌላ ድምፅ የለ።
ደገምኩት። «ድፍ»። አንዱ ፉጨት ለቀቀ፤
አበጋዝ ኪቦርዱን ሰካ፣ ቤቱ ሞቀ።

ያን ሌሊት ነው የገባኝ ያሮጊቷ ጸሎት፦
በዳይስ ነበርኩኝ፣ ድንጋዩን ነው ያስቀየምኩት።
ጧት መልሼ አወጣሁት። ከነበረበት
ከሁለት አለት መሃል፣ ሣር ካለበት፣
ከሥሩ ባዶ ነው፣ ነፋስ የሚያልፍበት፤
ያ ጉድጓድ ነው ለካ የድንጋዩ አንደበት።

እንግዲህ ከዛሬ መስማት የሚሻ ሰው
ስልኩን ይተውና እግሩን ያንቀሳቅሰው።

እሑድ ሰባት ሰው መጣ፤ አህያው ስምንተኛ፣
ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ፣ ዳገት ለማደኛ።
ጦይባ ከነድቤዋ፣ መንዙማ አድማቂዋ፣
ዲያቆን አየልኝ በጽናጽል፣ ሚስቴ በእልልታዋ፣
እኔም አንገቴ ላይ የግመሌ ቃጭል፣
ድንጋዬ ከፊቴ፣ ሳልነካው «ና» የሚል።
ጀመርን። ቀስ ብሎ። ጉሙ ወረደብን፣
ማን ማንን እንደመራ እስኪጠፋብን።

ከዚያ በረዶ ጣለ። ታች የደሴ ጣራ፣
እልፍ ቆርቆሮዋ፣ ባንድ አፍ አጓራ፤
ሰማዩ ቤት መታ፣ ሳይመርጥ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
መስጊዱን፣ ደጀ ሰላሙን፣ የአበጋዝን ባር።
እናቴ ያለችው ይኼ ነው ብዬ አንገቴን ሳቀና
የይመር አህያ አናፋ፣ ከምቱ ወጣና።
ጦይባ አየችኝ። ጽናጽሉ አመነታ።
ሁላችንም ተከተልነው፤ ሳትን በአንድ አፍታ።